የተመታች መኪና ስሸጥ

አንድ ነገር ላስቀድም፤ እኔ ውሸታም አይደለሁም። ቱግ ባይ ነኝ፤ ምላሴ ይቀድመኛል፤ አዛውንት በምንከባከብበት ቤት አለቃዬ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ስትለኝ ነው የምትውለው። ውሸታም ግን አይደለሁም። ይህን የምለው፣ አቲቆት ሰፈር የሚኖር አንድ ሰው በአሽቀሎን ሕዝብ ፊት፣ በከተማችን የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ ያውም ከመኪናዬ ፎቶ ጋር፣ «ሴትዮዋ ውሸታም ናት፣ ተጠንቀቁ» ብሎ ጽፎብኝ ስለነበር ነው። ጽሑፉ ዛሬ የለም፤ ራሱ አጥፍቶታል። እንዴት እንደጻፈውና እንዴት እንዳጠፋው ነው የማወራው።

ነገሩ የመጣው በእናቴ ዳሌ ነው። እናቴ የምትኖረው ከእኔና ከልጄ ጋር፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። አንድ ቀን የሮኬት ሳይረን ጮኾ ወደ መጠለያው ስንጣደፍ ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። በቀዶ ጥገና የብረት መገጣጠሚያ አስገቡላት። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ ደጋግሞ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ እንዳትቀመጥ፣ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ካለ አዲሱ መገጣጠሚያ ይወልቃል አለ። የእኔ መኪና ደግሞ ስትቀመጪባት ቂጥሽ አስፋልት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። እኔ ራሴ እንኳ «እፍፍ» ሳልል ወርጄ አላውቅም።

እናቴ ከእህት ወንድም የቀረቻት አንዲት ታናሽ እህት ናት። አክስቴ ቂርያት መላኺ ከተማ ነው ያለችው፤ ልቧ ደክሞ አልጋ ይዛለች። ድሮ ዓርብ ዓርብ እናቴን እወስዳት ነበር። ከስብራቱ በኋላ ግን የቀረላቸው ስልክ ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት «አለሽ?» ትላለች እናቴ። «አለሁ፣ አንቺስ አለሽ?» ይመጣል መልሱ። ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ። አንድ ጊዜ ከፍ ያለ ታክሲ ተከራየሁላት። ሾፌሩ ዋጋውን ሲናገር ሰማችና መንገዱን ሙሉ ስታማርር ሄደች፣ ስትመለስም ስታማርር መጣች፤ ሁለተኛ እንዳልሞክረው በእስራኤል አምላክ አስማለችኝ። የእናቴን መሐላ የሚያፈርስ ገና አልተወለደም።

ስለዚህ መኪናዬን ሸጬ፣ እነዚያን በራቸው ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ወንበራቸው ከፍ ያለ መኪኖች አንዷን ልገዛላት ቆረጥኩ። አሮጌ ትሁን፣ ምን ገዶኝ! እናቴ ሳትጎነበስ ትግባባት እንጂ። ሌላ ጥሪት የለኝም፤ ያለችኝ ያቺው መኪና ናት፤ እሷ ጥሩ ካወጣች እናቴ እህቷን ታያለች፣ ካላወጣች አታይም። አክስቴ ደግሞ ለዘላለም አትጠብቀንም። ይህን ሁላችንም እያወቅን አንናገረውም ነበር።

አሁን ወደኋላ ልመልሳችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሰፈራችን አደባባይ ላይ፣ አንድ ጎረምሳ ቅድሚያ ሳይሰጠኝ ዘው ብሎ ገባና የመኪናዬን የቀኝ ፊት ደረመሰው። ማንም አልተጎዳም። ልጮህበት ወርጄ አፌን ስከፍት ልጁ «እትዬ ይቅርታ፣ እትዬ ይቅርታ» ይለኛል። የኛው ልጅ ነዋ! መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ነው፤ መኪናው የአባቱ ነው፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ ወጣት ነጂን አይሸፍንም። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አባትየው ልጁንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቤታችን መጣ።

የኛን ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽማግሌ ደጅሽ ከቆመ አበቃልሽ። እናቴ «አፈር ስሆን ተቀመጡ» ትላለች፤ እነሱ «ልጅቷ ይቅር ሳትል አንቀመጥም» ይላሉ። አባትየው ከእናቴ ጋር የአንድ አገር ሰው ነው፤ ጎንደር ሳሉ ቤተሰቦቻቸው አንድ ወንዝ ነበር የሚቀዱት። «ነገሩ ወደ ፖሊስም ወደ ኢንሹራንስም አይሂድ፣ መኪናዋን እንደነበረች አድርጌ አስረክባለሁ» አለ። እኔ ልጁን አየሁት። አንገቱን ደፍቶ የጃኬቱን ዚፕ ይጎትታል። ሆዴ ባባ፤ ይቅር አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ዋናው ሽማግሌ መረቁንና «ከዛሬ ወዲያ ይህ ነገር በዚህ ቤትም በዚያ ቤትም አይነሳ» አሉ። አሜን አልን። ከሁላችን አብልጣ ጮኻ አሜን ያለችው እናቴ ናት።

አባትየውም ቃሉን ጠበቀ። መኪናዋን የኢንዱስትሪው ሰፈር ወዳለ ፓኻኽ ወሰዳት፤ ፓኻኽ የምንለው የተጨማደደ ቆርቆሮ የሚያቃናውን ሠራተኛ ነው። ስትመለስ አምሮባታል፤ ከመመታቷ በፊት እንኳ እንዲያ አታበራም ነበር። ከዚያ ወዲያ አላነሳነውም። እኛ ዘንድ ከታረቁ በኋላ ነገሩን ማንሳት ነውር ብቻ አይደለም፣ ዕርቁን ማፍረስ ነው። መንገድ ላይ ከልጁ ጋር ስንገናኝ እንኳ ስለ መኪና አናወራም፤ ስለ ዝናብ ነው የምናወራው።

እንግዲህ ማስታወቂያ አወጣሁ፤ ወዲያው ሰው ደወለ። የአቲቆቱ ሰው ነው። አፍሪዳር ሰፈር፣ ሱቆቹ ጋ ያለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ተገናኘን። ሩሲያኛ ተናጋሪ፣ ረጋ ያለ ሰው፤ ሚስቱ ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ ምንም አልቀራትም። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ደስ አላቸው። ከዚያ ሰውዬው በዕብራይስጥ «ተኡና ደርሶባታል?» አለኝ። አደጋ ማለቱ ነው። «ምንም የለባትም» አልኩት።

ያ የአደባባዩ ነገር በሐሳቤ አልመጣም ብል አሁን ነው ውሸታም የምሆነው። መጣ እንጂ። ግን የተዘጋ ነገር ነው፤ አሜን ያልንበት ነው፤ ለማላውቀው ሰው መኪና ማቆሚያ ላይ ቆሜ ምን ብዬ ነው የምከፍተው? ደግሞስ ተሠርታ የለ? ምንም የለባትም ማለት ምንም የለባትም ማለት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

መኪና ከመገዛቷ በፊት ወደምትመረመርበት ጣቢያ፣ መኾን ወደምንለው፣ አብረን ሄድን። መርማሪው አንዲት ትንሽ መሣሪያ ቀለሙ ላይ እያስጠጋ ዞራት፤ ከዚያ ወደ ላይ አንስቶ ከሥሯ ገባ። ሲወጣ እጁን እየጠረገ «ኮፈኑና የቀኝ ፓራፋንጎው ተቀይረዋል፤ እሱ ችግር የለውም። የፊቱ ሻንሲ ግን ተመትቶ ተቃንቷል» አለ። ሻንሲ የመኪና አጥንት ነው። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ግቬሬት፣ ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለ፤ እመቤት ማለቱ ነው። አልጮኸም። ሚስቱ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ሕፃን ልንጭንባት ነበር» ስትል ግን መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ሌላ ሴት ብትሆን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። እኔ ግን ሳፍር የምናደድ ሰው ነኝ፤ አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ። «ማንን ነው ውሸታም የምትለው?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ገና ውሸታም ሳይለኝ! ቁልፌን ከመርማሪው እጅ ቀምቼ ሄድኩ። ማምሻውን ያ ጽሑፍ ወጣ።

ጽሑፉን ያነበበችልኝ ልጄ ናት። ልጄ እዚህ የተወለደች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ በአማርኛ ስናገራት በዕብራይስጥ ትመልስልኛለች፤ ስትናደድ ደግሞ ሁለቱን ትቀላቅላለች። «ኢማ» አለችኝ፣ እማዬ ማለቷ ነው፤ «ቤኤሜት፣ ከምርሽ ለምን አልነገርሽውም?»

«የታረቅንበት ነገር ነዋ!»

«እሱ መቼ ታረቀ? እሱ እኮ ገዢ ነው። ይሄ ሃስታራ ነው የሚባለው፣ መደበቅ!»

ከዚያ አስቀምጣ አስተማረችኝ፤ የወለድኳት ልጅ። የተመታች መኪና የቱንም ያህል ብትሠራ ዋጋዋ ይወርዳል፤ የሪዳት ኤሬኽ ይሉታል። ያኔ በኢንሹራንስ ሄደን ቢሆን ሻማይ የሚባለው ገማች መጥቶ ያያት ነበር፤ የወረደውንም ዋጋ ይተምንልኝ ነበር። ምን እንደተሠራም በግልጽ ይታወቅ ነበር። ኮፈንና በር ቢቀየር የሚያወርደው ጥቂት ነው፤ ሻንሲ ከተነካ ብዙ ነው። «ከሁሉ የሚብሰው ግን ገዢው ራሱ ሲደርስበት ነው» አለች። «ያኔ የሚያስፈራው ያየው አይደለም፣ ያላየው ነው። ይሄን ከደበቀችኝ ሌላ ምን ደብቃኛለች ይላል።»

ልጄ መላም ነበራት። ማስታወቂያውን እንደገና እናውጣ፣ መመታቷን እንናገር፣ ከልጁ ቤተሰብ እንዴት እንደተሠራች እንጠይቅ፣ ዋጋዋንም ዝቅ እናድርግ አለች። ይህን ገና ተናግራ ሳትጨርስ ከወዲያኛው ክፍል «አይሆንም!» የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ ስንጠራት አትሰማም፤ የማይነገራትን ግን በግድግዳ ትሰማለች።

በምርኩዟ እየተደገፈች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አሜን ብያለሁ» አለች። «የሰውን ልጅ ስም በየስልኩ ልታወጡ ነው? አይነሳም ተብሏል፣ አይነሳም።»

«እማዬ፣ ለማን ብዬ ነው የምሸጣት? እህትሽን እንድታይ አይደለም?»

«እህቴን ሳላያት ልሙት።»

ደሜ ፈላ። ብዙ ነገር ተናገርኩ፤ ግትር አልኳት፣ ለራስሽ አታዝኚም አልኳት፣ እኔንም ገደልሽኝ አልኳት። ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ምሳ ስሰጣት «አልራበኝም» አለች፤ እኔ ዞር ስል ለልጄ «እንጀራዬን አምጪልኝ» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ስትደዋወል ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። የአክስቴ ድምፅ ሰልሏል፤ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። «እንግዲህ በዚህ ዓይን ላንተያይ ነው» አለች አክስቴ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም ቁጣዬ በአንዴ ወጣልኝ፤ ለካ ይህች ሴት ልቧ እየተቀደደ ነው ለቃሏ የቆመችው። አዘንኩላት፤ ኮራሁባትም።

ነጠላዬን አነሳሁና ያኔ የመረቁንን ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት የሰፈሩ የአረጋውያን ክበብ ደጅ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ከጎናቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የምርመራ ጣቢያውን፣ የነፍሰ ጡሯን ነገር፣ የእናቴን አሜን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

«ልጄ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «እኛ አታንሱ ያልነው ቂሙን ነው እንጂ፣ ሻንሲውን አታንሱ መቼ አልን? ይቅር ያልሽው ልጁን ነው። መኪናዋን ማን አስታረቃት?»

«እማዬን ማን ያሳምናታል፣ አባባ?»

«እኔ እመጣለሁ።»

መጡም። ብቻቸውን አልነበሩም፤ አባትየውና ልጁም አብረዋቸው መጡ። ጽሑፉን ቀድመው አይተውት ኖሯል፤ የኛ ሰው እኮ ነው፣ ምን ያመልጠዋል! ልጁ ወታደርነቱን ጨርሷል፤ ጺም አብቅሏል፣ ትከሻው ሰፍቷል። ሽማግሌው ዘንድሮ ሳይለመኑ ተቀመጡና እናቴን «የኔ እመቤት፣ ዕርቅ የተበዳይን ልብ ለማሳረፍ ነው። ምንም ያላጠፋች ነፍሰ ጡር በጨለማ እንድትገዛ አይደለም» አሏት። እናቴ ከዚያ ወደ ልጁ አየችና በቀስታ «አንተስ አይከፋህም ወይ? ስምህ ይነሳል እኮ» አለችው። ለካ የፈራችው ይህን ነው! ያን ሁሉ ቀን እምቢ ያለችው ልጁ እንዳያፍር ኖሯል።

ልጁ ተነስቶ ጉልበቷን ሳማት። «እማማ፣ እኔ ነኝ የመታኋት፣ እኔው ራሴ እናገራለሁ» አላት። እናቴም «እንግዲያማ አንተ ካልክ» አለች፤ ወደ እኔ ዞራም «ምሳዬን ስጪኝ» አለችኝ። ታረቅን ማለት ነው።

የአቲቆቱን ሰው ደወልኩለት። ስልክ ከመደወሌ በፊት ልጄ «ኢማ፣ ቀስ ብለሽ» አለችኝ። «ስሊኻ፣ ይቅርታ» አልኩት። «የጠየቅከኝን መመለስ ነበረብኝ፤ አልመለስኩልህም፤ ጭራሽ ጮኽኩብህ። የመታት ሰው አብሮኝ አለ፣ ና ራሱን ጠይቀው። ባትገዛትም ና።» ከሚስቱ ጋር በሩሲያኛ ሲነጋገሩ ይሰማኛል። «እሺ፣ እዚያው ምርመራ ጣቢያው ጋ» አለኝ።

እዚያው ተገናኘን። ልጁ ከሰውዬው ፊት ቆሞ፣ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንዳላየኝ፣ የትኛው ጥግ እንደተመታ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ፓኻኹ ሲሠራት ያነሳቸውን ፎቶዎችም ከስልኩ አሳየው፤ መኪናዋ ሻንሲ በሚቃናበት ማሽን ላይ ታስራ፣ ኮፈኗ ወልቆ፣ እርቃኗን። እኔ እንኳ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ። መርማሪው ፎቶዎቹን አየና እንደገና ከሥሯ ገባ፤ የጎማዎቹንም አቀማመጥ ለካ። «ደህና ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ቀጥ ብላለች» አለ። «ዋጋዋ እንደ ጓደኞቿ አይደለም፤ መኪናነቷ ግን መኪና ነው።» ነፍሰ ጡሯ ልጁን «ፈርተህ ነበር?» ስትለው «እትዬን ነው የፈራሁት» አላት። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔ ትንሽ ቆይቼ ነው የሳቅኩት።

ሰውዬው ዋጋ ለማስቀነስ መከራከር ጀመረ፤ አንድ ጊዜ ቱግ ልል ስል ልጄ እግሬን ረገጠችኝ። ከጠበቅኩት ባነሰ ሸጥኩለት። ሁሉን አውቆ ገዛት፣ እኔም ቀና ብዬ ሸጥኳት። እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ጽሑፉን አጠፋው። አባትየው «ከዋጋዋ የጎደለውን እኔ ልካስ» ብሎ ሙግት ገጠመኝ። «ሂድልኝ ወዲያ!» አልኩት። ልጁ ካሰኝ እኮ፣ ከዚያ በላይ ምን ካሳ አለ።

ገንዘቡ ግን ለደህናዋ ከፍ ያለች መኪና አልበቃም። ማስታወቂያ ሳገላብጥ ነው ያቺን ያየኋት፤ በሯ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ወንበሯ ከፍ ያለ፣ ዋጋዋ ዝቅ ያለ። ባለቤቱ «ጎኗ ተመትቶ ተሠርቷል» ብሎ በግልጽ ጽፎባታል፤ ሰው ሁሉ እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ያልፋታል። እኔ አላለፍኳትም። ደወልኩና «የት ጋ ነው የተመታችው? ሻንሲው ተነክቷል?» አልኩት። «በሩና የጎኑ ቆርቆሮ ብቻ» አለኝ። ወደ መኾን ጣቢያው ወሰድኳት፤ እውነቱን ነው። ያ ምት ባይኖርባት ኖሮ እንዲህ ያለች መኪና የእኔ እጅ አትደርስባትም ነበር። የዋጋ መውረድን ስረግም ከርሜ፣ ለካ አንዱ ቦታ የወሰደብኝን ሌላው ቦታ ሊሰጠኝ ኖሯል! ሳቄ መጣ፤ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት እናቴን አወጣኋት። በሩ ተንሸራተተ። ክንዷን ልይዝ ስል እጄን ገፋችው፤ መጀመሪያ ምርኩዟን አስገባች፣ ቀጥሎ ጀርባዋን ሰጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሮቿን አንድ በአንድ አዞረች። ቂርያት መላኺ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሻሿን ብቻ ታስተካክላለች፣ መልሳ ታስተካክላለች።

አክስቴ ከአልጋዋ ቀና ካለች ቆይታለች፤ የሚያጎርሷት ተደግፋ ነው። የእናቴን ምርኩዝ ድምፅ ከኮሪደሩ ስትሰማ ግን ማንም ሳይደግፋት ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። «መጣሽ?» አለች። «መጣሁ» አለች እናቴ። የተቃቀፉ መስሏችሁ ይሆናል፤ አልተቃቀፉም። እናቴ የእህቷን ፊት በአንድ እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን በጣቷ እየነካች። ከዚያ «ጠጋ በይልኝ» አለቻት። ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ እኔ ዳሌዋን ይዤ አገዝኳትና ቤት ባስገቡላት ከፍ ያለ የሆስፒታል አልጋ ላይ ከእህቷ ጎን ጋደም አለች። ልጆች ሳሉ በአንድ ቁርበት ላይ እንዲያ ነበር የሚተኙት አሉ። አክስቴ ብርድ ልብሱን ስባ እናቴን አለበሰቻት።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ምን ትቆሚያለሽ? በሩን ዝጊልን፣ የምናወራው አለን» አለችኝ።

ዘጋሁላቸው።